የፌንጣ እጅ በጂፕሰም ውስጥ

ሰፈርተኛው «ነጩ» ይለዋል። መልኩ ነጭ ሆኖ አይደለም፤ የሰው ኮርኒስ በጂፕሰም ሲያስውብ ውሎ ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ስለሚመጣ ነው። በሙያው የሚያማው የለም። በቤት አያያዝ ግን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሚስቱ ሆስፒታል ከተኛች ወዲህ ሩዝ እያሳረረ፣ የሴት ልጆቹን ፀጉር እንደ ገመድ እየጎነጎነ፣ በአምላክ ቸርነት ነበር የሚኖረው።

ሚስቱ ሦስተኛ ልጃቸውን አርግዛ የደም ግፊቷ አልወርድ ስላለ፣ እስክትወልድ እዚያው ተኝታ ትቆይ ተብሏል። ሕፃናት ወደ ክፍሉ አይገቡም። ሐኪሟም ነጩን ለብቻው ጠርተው የሚያስደነግጥ ወሬ ጆሮዋ እንዳይደርስ አስጠንቅቀውታል። እሷ ደግሞ ሊጠይቃት በሄደ ቁጥር የምትለው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹን አደራ።

እሱም እሁድ ከሰዓት በኋላ የልጆቹን እጅ በጂፕሰም ቀርጾ ሊወስድላት አሰበ፤ ሲናፍቋት እየዳበሰች ትጽናናለች ብሎ። ትልቋ፣ እናቷ ከተኛች ወዲህ ቤቱን በትእዛዝ የምታስተዳድረው «አለቃ»፣ በቆርቆሮ ክዳን ላይ በተዘረጋው ጂፕሰም መዳፏን ተጫነች። መስመሩ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ታናሿ፣ የአራት ዓመቷ «ፌንጣ» ግን አኮረፈች። እሷ የምትፈልገው ሙሉ እጅ ነው፤ ከነጣቶቹ፣ ከነአንጓው። ፌንጣ ካኮረፈች ደግሞ በዚያ ቤት ሰላም የለም።

ነጩ ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን አመጣ። ልጅቷን እንዳይበርዳት ብሎም ውሃውን ሞቅ አደረገው። ሥራ ቦታ ረዳቱ በሞቀ ውሃ ሲበጠብጥ ቢያገኘው በጩኸት ጣራውን ያነሳው ነበር፤ ሙቀት ጂፕሰሙን ቶሎ ያደርቀዋልና። እዚህ ግን አባትነቱ ሙያውን አስረሳው። አወፍሮ በጠበጠና እጇን እስከ አንጓዋ አስገባላት።

መጀመሪያ ፌንጣ እየሳቀች ሞቀኝ አለች። ነጩም አብሯት ሳቀ። ትንሽ ቆይታ ደግማ ሞቀኝ ስትል ግን ሳቋ አብሮ አልመጣም። ያኔ ትዝ አለው። ጂፕሰም ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፤ ወፍራም ሲሆን ደግሞ ይፋጃል። የሳህኑን ጎን ነካ አደረገው። ይተኩሳል። ቆሌው ተገፈፈ።

«እጅሽን ሳቢ፣ እናቴ።»

«እምቢ አለኝ፣ አባዬ።»

«ጣቶችሽን ዘርጊና ሳቢ።»

«ጨብጫለሁ እኮ» አለች ፌንጣ።

የተጨበጠ እጅ፣ የደረቀው ጂፕሰም በአንጓዋ ዙሪያ በተወው ጠባብ ቀዳዳ ሊወጣ አይችልም። ነጩ ልጅቷን ከነሳህኑ አፈፍ አድርጎ ቧንቧ ሥር ወስዶ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀባት፤ ፕላስቲኩንም በቢላ ቀዶ ጣለው። ውስጡ ያለው ድንጋይ ሆኗል። ፌንጣ አቃጠለኝ እያለች ትጮሃለች፣ አለቃ ትእዛዟ ሁሉ ጠፍቶባት የእህቷን ወገብ አቅፋ ታለቅሳለች። መዶሻውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ስንቱን ግድግዳ ያፈረሰበት መዶሻ ነው፤ ዛሬ ግን የትኛው ጣት የት እንዳለ አያውቅም። ለእናቷ ምን ብዬ እነግራታለሁ የሚል ሐሳብ ብልጭ አለበት፤ ወዲያው ራሱን ጠላ። ልጁ እየተቃጠለች እሱ ስለ ወቀሳ ያስባል።

ትንሿን መጋዝ አነሳ። በጎን በኩል ገፋ፣ ቆመ፣ ፊቷን አየ፣ እንደገና ገፋ። ነካሽ ወይ ይላታል፤ እሷ ታለቅሳለች። በተገዘገዘው ስንጥቅ ጂፕሰም የሚቀባበትን ስፓቱላ አስገብቶ ጠመዘዘ። ወይ ፍንክች። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጠመዝዝ ቀጭ አለና ለሁለት ተከፈለ።

እጇ በርበሬ መስሎ፣ እንደተጨበጠ ወጣ። በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሏት ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ በረረ። መንገድ ላይ አለቃን ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ አላት። ከኋላው እየሮጠች ተከተለችው።

ነርሷ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ። ቆዳው ተቆጥቷል እንጂ አልተላጠም፤ ይድናል አለች። ነጩ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ነርሷ ቅባት እየቀባች ልጅቷን ለማጫወት፣ ሲሞቅሽ እጅሽን እንደማውጣት ለምን ጨበጥሽ ብላ ጠየቀቻት።

«እማዬ መስላኝ ነው» አለች ፌንጣ። «እጄን ስትይዘኝ እንደዚያ ይሞቀኛል። እንዳትሄድብኝ ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት።»

ነርሷ የምትቀባውን አቆመች። ነጩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አለቃ አየችው።

ፌንጣ የእናቷን እጅ እንድትይዝ ብሎ ነጩ ወደ ቤት አልመለሳቸውም። በጠያቂ ሰዓት ነጩ ፌንጣን ታቅፎ፣ አለቃን በእጁ ይዞ ከሆስፒታሉ በር ደረሰ። ነርሷ በፋሻ የጠቀለለችው እጅ ሚስቱን እንደሚያስደነግጣት ያውቃል፤ ፍርሃቱም አልለቀቀውም። ሽማግሌው ዘበኛ ሕፃን አይገባም አሉት።

«አውቃለሁ፣ አባቴ» አለ ነጩ። «ሐኪሟን ይጥሩልኝ። የሆነውን ሁሉ ልንገራቸውና እሳቸው ይወስኑ።»

ዘበኛው የሚሆን አይደለም ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት። ነጩ ግን ልጆቹን እንደያዘ፣ ሐኪሟ እስኪወጡ ሊጠብቅ እዚያው ቆመ።