የተረታ ይሰጣል

የማዳበሪያው ከረጢት አፍ የታሰረው በቃጫ ነበር። ወይኒቱ ይህን ያየችው ባጃጁ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አውርዷት ወደ ቡሬ ገበያ ከታጠፈ በኋላ ነው። የእሷ ከረጢት የሚታሰረው በቀይ ጨርቅ ነው። በእጇ ዳበሰችው። ብረት፣ ጠፍር፣ ደግሞ ብረት።

"እማ፣ ሥዕሎቹ የታሉ?" አለች ልጇ ቤቴል።

"ዝም በይ እስቲ፣ አንች ልጅ።"

ሥዕሎቹ ሠላሳ ነበሩ። ከካርቶን ቆርጣ፣ ቀለም ቀብታ፣ በጀርባቸው ስማቸውን የጻፈችባቸው። ትናንት ከገጠር መጥቶ እሷ ዘንድ ያደረው ወንድሟ ያረጋል ከበሩ ሥር የቆሙትን ሁለት ከረጢቶች አሳስቶ፣ ማረሻውን ሊያስል የእሷን ወደ ቀጥቃጭ ተሸክሞ ሄዷል። የእሱን የእርሻ ዕቃ ደግሞ እሷ ይዛ መጥታለች።

ስልኳ ጮኸ።

"አንች ወይኒቱ! ቀጥቃጩ ፊት ምን እንደ ዘረገፍሁ ታውቂያለሽ? ድመት! ዶሮ! ጃንጥላ!"

"ወይኔ ጉዴ!"

"ቀጥቃጩ 'የትኛዋን ድመት ልሳልልህ?' አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።"

"እንዳታቆሽሻቸው! ቶሎ ይዘህልኝ ና።"

"እመጣለሁ እንጅ! ነገ ጧት በሬ ጠምጄ በድመት ልረስ ኖሯል?"

እሱ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ልጆቹ ግን ክፍሉ ውስጥ ገብተው ይጠብቃሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ሱፐርቫይዘሩ የሚመጡት ዛሬ ነው።

ወይኒቱን ማንም አልቀጠራትም። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ያገባች የሦስት ልጆች እናት ናት። ዓምና ቤቴል አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ አንብባ ስታበቃ "ጎተራ ምንድን ነው?" ብትላት ልጅቱ አላወቀችውም። ወይኒቱ የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ልጄ ፊደል እንጂ ቃል ሳታውቅ ልታድግ ነው ብላ ተጨንቃ ለአቤቱታ ብትሄድ፣ ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ እናኑ "እንግዲያው መጥተሽ አግዥን" አሏት። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሃያ ሦስት ልጆችን ቃል ታጫውታለች። የሚጫወቱት በጥግ ባለው አሮጌ ክፍል ነው። አሁን ለመጪው ዓመት የመጡት መጻሕፍት የወይዘሮ እናኑን ቢሮ ሞልተው ወለል ላይ ተከምረዋል፤ ክፍሉም መጋዘን ይሁን ተብሏል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት ሱፐርቫይዘሩ ናቸው። ክፍሉ ከተወሰደ ልጆቹን የምታስቀምጥበት ቦታ የላትም፤ ሜዳ ላይ እንዳታወጣቸው ዝናቡ ደርሷል። ይህን ለባሏ ራት ላይ ስትነግረው ሰንብታለች።

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ማረሻው ከልጅ እግር ላይ ሲወድቅ፣ ሐኪም ቤት ስትሮጥ፣ ቀበሌ ስትጠራ ታያት። ጫፉን ነካችው፤ ዶልዱሟል። ቢሆንም በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው።

"ዛሬ ሥዕል የለም" አለች። "እጃችሁን ትከታላችሁ፣ ሳታዩ ትዳብሳላችሁ፣ ስሙን ትናገራላችሁ። ስሙ የታወቀው ዕቃ ደግሞ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም አንድ አንድ ቃል ትጨምራላችሁ። ሌላ ሰው ያለውን መድገም የለም።"

ደሴ የሚባለው የልብስ ሰፊው ልጅ ቀድሞ እጁን ከተተ። "ማረሻ!"

"ምን ይሆናል?"

"ያርሳል!"

"ይዝጋል!"

"ይሳላል!"

"ይዶለዱማል!" አለች ውዳሴ ከኋላ። አባቷ ገበሬ ነው፤ በየቀኑ ከከተማው ዳር በእግሯ ትመጣለች።

"ቻርጅ ይደረጋል!" አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ወይኒቱም ሳቀች፤ "ይዶለዱማል" የሚለውን ግን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ያላወቁት ልጆች "ምን ማለት ነው?" ሲሉ ውዳሴ እርሳሷን አንስታ የዶለዶመውን ጫፍ አሳየቻቸው። ደሴ ቢላም፣ መቀስም፣ የአባቱ መርፌም እንደሚዶለዱም ነገራቸው። አንዲት ቃል አምስት ዕቃ ዘንድ ደረሰች።

ሁለተኛው ዕቃ ወፍራም የብረት ቀለበት ነበር። "የበር እጀታ" አሉ። "የውሻ ማሰሪያ" አሉ። "የላም አምባር" አሉ። ውዳሴ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ተራዋን ስትጠብቅ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ እናኑና ኮት የለበሱ ጎልማሳ ሰው ገቡ፤ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ሃይለ ሚካኤል።

ልጆቹ ተነሡ።

"ጋሸ፣ እርስዎም እጅዎን ይክተቱ!" አለ ደሴ። "የገባ ሰው ሁሉ ይከታል።"

"ደሴ!"

"ግድ የለም" አሉ አቶ ሃይለ ሚካኤል። እጅጌያቸውን ሰብስበው ዳበሱ፤ ቆዩ። "እ… የጋሪ ነገር ነው?"

"አይደለም!"

"እንግዲህ እኔ ያደግሁት ከተማ ነው፤ ተረታሁ።"

"ወገል ነው!" ብላ ውዳሴ ፈነዳች። "ማረሻውን ከሞፈሩ ጋር አጥብቆ የሚይዘው!"

"አገር ይስጡን! አገር ይስጡን!" ልጆቹ ተንጫጩ። እንቆቅልሽ ያልፈታ ሰው አገር ይሰጣልና።

ሱፐርቫይዘሩ ሳቁ። "ፍኖተ ሰላምን ሰጠኋችሁ።"

"እርስዎ ታዲያ የት ሊያድሩ ነው?" አለ ደሴ።

"እውነትህን ነው። ሽንዲን ውሰዱ።"

ያን ጊዜ ቤቴል እጇን አወጣች። "ሽንዲን አንፈልግም። ይህን ክፍል ይስጡን።"

ወይኒቱ ፊቷ ነደደ። ራት ላይ ያወራችው ሁሉ ልጅቱ ጆሮ ገብቶ ኖሯል! አሁን እናቷ መክራ የላከቻት ይመስላቸዋል፤ ክፍሉም ቀረ፣ ስሟም ጠፋ።

"ክፍል እኮ አገር አይደለም፣ ልጄ" አሉ አቶ ሃይለ ሚካኤል።

"አገሩ የውሸት ነው። ክፍሉን የእውነት ይስጡን።"

"ጌታው" አለ ከበሩ ላይ አንድ ድምፅ። ያረጋል ነው፤ በቀይ ጨርቅ የታሰረውን ከረጢት በትከሻው እንደ ተሸከመ ቆሟል። "እንደምን ዋላችሁ። በሰው ነገር ገባህ አይበሉኝና፣ ወገሉ የእኔ ነው። እኛ ዘንድ የተረታ ይሰጣል።"

ወይዘሮ እናኑ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። አቶ ሃይለ ሚካኤል ግን ሳቃቸውን ትተው ሰሌዳውን አነበቡ፤ ይዝጋል፣ ይሳላል፣ ይዶለዱማል። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ግድግዳውን በእርምጃ ለኩት።

"መጽሐፉ ከኋላ ይደረደር፤ ልጆቹ ከፊት ይቀመጡ። በመስከረም እንደገና እናያለን" አሉ። "ግን የመንግሥት ንብረት ነው። ቁልፉን የሚይዝ ሰው ፈርሞ ይረከባል፤ አንድ መጽሐፍ ቢጎድል የሚጠየቀው እሱ ነው። ዛሬ የሚፈርም ካልተገኘ መጋዘን ይሆናል።"

ወይዘሮ እናኑ የአራት ክፍል ቁልፍ ወገባቸው ላይ ነበር፤ አምስተኛ አልፈልግም አሉ። ሁሉም ወይኒቱን አየ። እሷ ወለሉን አየች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ልጆቹ ተበተኑ። ሱፐርቫይዘሩም ወረቀቱን ለወይዘሮ እናኑ ትተው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ያረጋል ብረቶቹን መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ።

"ቢጠፋስ?" አለች ወይኒቱ።

"ቢጠፋ ትፈልጊዋለሽ።"

"ቢሰረቅስ? አይጥ ቢበላውስ? ጣራው ቢያፈስስ?"

"አንች እኮ ላሟ ሳትወልድ ጥጃው ሞተ ብለሽ የምታለቅሽ ነሽ" አለ ወንድሟ። "እኔ ልሂድ፣ ቀጥቃጩ ሊዘጋ ነው።"

ወይዘሮ እናኑ አላቻኮሏትም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ብዕሩንና ቁልፉን ከላዩ አድርገው መስኮቶቹን መዝጋት ጀመሩ። ደጅ ላይ ቤቴልና ውዳሴ በሩን፣ ዛፉን፣ የባንዲራውን እንጨት እየነኩ "ይዶለዱማል? አይዶለዱምም!" እየተባባሉ ይሯሯጣሉ።

ወይኒቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፈረመች። ፊርማዋ የሌላ ሰው መሰላት፤ ከሥሩ ሙሉ ስሟን በጉልህ ጻፈች።

ከዚያ በሩን ሳበች፣ ቁልፉን አስገብታ አዞረች፣ እጀታውን ይዛ ሁለት ጊዜ ነቀነቀችው። ተቆልፏል።