የዓሣ ክፍፍል

እህቴ አግብታ ስትሄድ ከዕቃዎቿ ሁሉ ትታው የሄደችው አኳሪየሙን ብቻ ነው። ሳሎኑን ከምግብ ጠረጴዛው በሚለየው አጭር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በወዲህ ሶፋው፣ በወዲያ ወንበሮቹ፣ መሃል ላይ እሱ። ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለውን በዓሦቹ መሃል ያየው ነበር። አሁን ግን ውሃው ቅጠል የተጨመቀበት ይመስል አረንጓዴ ሆኖ፣ ዓሦቹ ራሳቸው መስታወቱን ታከው ካልዋኙ አይታዩም።

አባቴና እናቴ ተኳርፈዋል። እናቴ «ሬሳዬን ተራምዳችሁ!» ባለችበት የእህቴ ጋብቻ ላይ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ አባቴ ሥራ የገባ መስሎ ሄዶ ምስክር ሆኖ ፈረመ። እናቴ የሰማችው ከጎረቤት ነው። ከዚያ ወዲህ እሱ የእህቴን ክፍል ያዘ፣ እሷ የድሮው መኝታ ቤት ቀረች፣ እኔም ሶፋው ላይ እያደርኩ መልእክተኛቸው ሆንኩ። «አባትህን ጋዙ አልቋል በለው።» «እናትህን ቁልፉን የት አደረግሽው በላት።» ይህን ሁሉ የሚሉኝ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ ነው።

እኔ ደግሞ ተስፋ መቁረጥ አልሆንልህ አለኝ። በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ፣ በሐሳቤ አስታርቃቸዋለሁ። አባቴ አንድ ቃል ይናገራል፣ እናቴ ትመልሳለች፣ ከዚያ የቀረው ራሱ ይመጣል። የጎደለው ያ የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው። ደንበኛው ሁለት ቅጂ ብሎኝ አሥር አውጥቼ የተሰደብኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ውሃው የጠየቅኩት ወፍና ዓሣ የሚሸጠውን ሰውዬ ነው። በጥርሶቹ የተነሳ ሁሉም «አዞ» ይለዋል፤ እሱም አቤት ይላል።

«ውሃውን ቀየርክ?»

«በየሁለት ቀኑ።»

«ምን ያህሉን?»

«ሁሉንም።»

«አይ አንተ! ዓሣ ነው የምታረባው ወይስ ልብስ ነው የምታጥበው? ሁሉን ደፍተህ ስትቀይር ለዓሣው አዲስ አገር ነው፣ ለአረንጓዴው ግን ምኑም አይደል። እሱ እኮ ቀለም አይደለም፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው። ብርሃንና ትርፍ ምግብ ካገኘ ይፈላል። ስንት ጊዜ ነው የምታበላቸው?»

«ማታ ማታ፣ አንድ ቁንጥር።»

«አንተ ብቻ?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ዓሦችህ ውሸታም ናቸው» አለና ፊቱን ወደ ወፎቹ አዞረ።

በእረፍት ቀኔ ማለዳ፣ ነቅቼ ግን አልተነሳሁም ነበር። አባቴ ዩኒፎርሙን ለብሶ በጣቱ ጫፍ እየሄደ መጣ። ከጣሳው ምግብ ቆንጥሮ በተነና፣ «ትናንት ደውላልኛለች፣ ደህና ናት» አለ፤ ለዓሦቹ። ረፈድ ሲል እናቴ ወደምትሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ከመሄዷ በፊት መጣች። የልብስ ተኩስ እንፋሎት ያቀላው እጇ ጣሳው ውስጥ ገባ። «ለእኔም አትደውል፣ እናንተም ማን አላችሁ፣ ብሉ» አለቻቸው። አመሻሽ ላይ አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ ደገመ። አሁንም የተኛሁ መስዬ፣ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ከተትኩ። የሚነጋገሩትስ ነበሩ፤ ከዓሣ ጋር።

ወዲያው ሐሳብ መጣልኝ። ውሃው እንዲጠራ ሁለቱ መነጋገር አለባቸው፤ ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት ይመጣል? በዚያው ምሽት ሁለቱም ባሉበት ተናገርኩ።

«ሦስታችንም እያበላናቸው ነው ውሃው የተበላሸው። ከእንግዲህ ያበላ ሰው ‹አብልቻለሁ› ይበል። አንድ ቃል ናት።»

እናቴ ጨርቋን እያጠፈች፣ «ለአባትህ ንገረው» አለች፣ «እኔ ካበላሁ ጣሳውን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ተገልብጦ ካየ ይተወው።»

«ለእናትህ ንገራት» አለ አባቴ ከሶፋው፣ «እኔ የጣሳ ቋንቋ አልተማርኩም።»

«እሱማ ምን ያድርግ፣ የእሱ ቋንቋ ፊርማ ነው።»

«ሰማህ? ሰማህ አይደል?» አለኝ አባቴ። ሰምቻለሁ። ከእኔ በቀር የሚሰማ የሌለ ይመስል።

ጣሳውን ኪሴ ከትቼ ሥራ ይዤው መሄድ ጀመርኩ። አዞ እንደመከረኝ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋሁ፣ ጥቂቱን ውሃ ብቻ ቀየርኩ፣ ማጣሪያውን አጠብኩ፣ ከዚያ አኳሪየሙን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ብርሃን ሲያጣ አረንጓዴው ይሞታል። «ማንም እንዳይገልጠው» ብዬ ለሁለቱም ለየብቻ ነገርኩ። ፓምፑ ከብርድ ልብሱ ሥር እንደ ታመመ ሰው ያቃስት ነበር። አባቴ ሲያልፍ ጫፉን ይነካል፣ እናቴ ስታልፍ ትነካለች፤ እኔ «ተዉ!» እላለሁ። በገዛ ቤቴ ዘበኛ ሆንኩ።

ቀኖች አለፉ። አንድ ምሽት ሻይ እየቀዳሁ፣ አባቴ በሶፋው በኩል አጎንብሶ ብርድ ልብሱን ሲገልጥ አየሁት። «ተው» ልለው ስል እናቴም በጠረጴዛው በኩል ገለጠች። አንዱ የሌላውን አላየም ነበር። ውሃው ጠርቶ ነበር፤ ጠጠሩ እስኪቆጠር። በመስታወቱ ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ዓመት ከምናምን ሙሉ እንዲህ ተያይተው አያውቁም። አንዷ ዓሣ በመሃላቸው አለፈች።

በያዝኩት ብርጭቆ ጣቴ እየተቃጠለ ቆምኩ። «አሁን» አልኩ በሆዴ፣ «በል እንጂ አባዬ፣ አሁን።» አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ የብርድ ልብሱን ጫፍ እንደያዘች ቀረች። እየጠበቀች ነበር፤ እምላለሁ፣ እየጠበቀች ነበር።

«ልጄ» አለ አባቴ። እኔን ነው። ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ ወደ እኔ አዞረው። «ለእናትህ ንገራት። እንግዲህ ውሃው ከጠራ ዓሦቹን እንካፈል። የእሷን ታብላ፣ የእኔን ላብላ።»

እናቴ ብርድ ልብሱን ለቀቀችው። «እሰየው በለው።»

በማግስቱ አባቴ በአውቶቡሱ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ትንሽ አኳሪየም ይዞ ገባ። መረቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዓሦቹ ሰባት ናቸው፤ ሦስት ሦስት ብለን ስናበቃ ጅራተ ረጅሟ ተረፈች። እህቴ ከሁሉ አስበልጣ የምትወዳት።

«ለእናትህ ንገራት፣ እሷን ለእኔ ትተውልኝ።»

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ሰለለ። «ይውሰዳት በለው። ልጅቷንስ እሱ አይደል አሳልፎ የሰጣት?»

አባቴ የእሱ ሦስት ዓሦች ያሉበትን ባልዲ አስጠጋ። ከዚያ ወሰዳት።

ሁለተኛ የምግብ ጣሳ ልገዛ ስሄድ አዞ፣ «ጠራልህ?» አለኝ።

«ሁለቱም ጠርተዋል» ብዬ ታሪኩን ነገርኩት። ጥርሶቹ ሁሉ እስኪታዩ ሳቀ። «አንተስ ለማን ደረስክ?»

አብሬው ሳቅኩ። ምን ላድርግ? መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ዓሣ መካፈል እንደሚቻል ካዩ በኋላ ምን ይቀራል? አባቴ ለራሱ ትንሽ ምድጃ ገዛ፣ እናቴ ለበሩ የራሷን ቁልፍ አስቀረጸች። አንዱ ከሌላው የሚፈልገው ነገር ስለሌለ መልእክትም ቀረ። ማታ ሶፋው ላይ ሆኜ እናቴ ብቻዋን ስትበላ በውሃው ውስጥ አያታለሁ። ምንም የሚጋርድ ነገር የለም። ከእህቴ ክፍል የአባቴ ፓምፕ ይሰማል። «በለው» የሚለኝ የለም፣ «በላት» የሚለኝም የለም።