የአዚዛ ኮምፒውተር

ስክሪኑ መርገብገብ የጀመረው መጽሔቱን ለማስረከብ አስራ አንድ ቀን ሲቀረን ነው። ልጄ አዚዛ ስትጨነቅ ዝም ትላለች። እኔ ስጨነቅ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ ይቃጠል ይሆን፣ ይፈነዳ ይሆን እያልኩ ከወንበሯ ኋላ ቆምኩ።

«እማ፣ አይፈነዳም» አለችኝ ዞር ሳትል።

ኬብሉን ነቅላ መልሳ ሰካችው። ለአንድ ሰዓት ያህል ቆመና እንደገና መርገብገብ ጀመረ። እሱስ ባልከፋ፤ ፍጥነቱም አብሮ ሞቶ ነበር። አንድ ፎቶ እስኪከፈት አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል። አዚዛ ስልኳ ላይ እያነበበች የማይፈለገውን ሁሉ ሰረዘች፤ ቫይረስ ፈለገች፤ ሲፒዩውን ፈታ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገች፤ ራም የሚሉትን ነገር አውጥታ ጫፉን በላጲስ ፈተገችው። በእያንዳንዱ ሙከራዋ እኔ በሆዴ ዱዓ አደርጋለሁ። ስትከፍተው ያው ነው።

መጽሔቱ ተራ ሥራ አልነበረም። አባቷ መንሱር ከሞተ ወዲህ ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለታችን ነን። አዚዛ ሳሎን ጥግ ተቀምጣ የሰርግ ካርድና የሱቅ ባነር ትሠራለች፤ አቃቂ ማተሚያ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ያትሙታል። እኚህ ሴትዮ ዘንድሮ የአንድ ትምህርት ቤት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተመራቂዎችን መጽሔት ሰጧትና፣ ይህን አሳምረሽ ካወጣሽልኝ ቋሚ ሠራተኛዬ ነሽ አሏት። ካልሆነ ግን ሪያድ ነው። ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ ሥልጠናው አልቋል፣ አሻራ ሰጥታለች፤ ኤጀንሲው የእሷን ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው። እዚህ ቋሚ ሥራ ካገኘሁ አልሄድም ብላ ምላልኛለች። ስለዚህ ያ ኮምፒውተር ለእኔ ልጄን ቤት ያስቀመጠልኝ ዕቃ ነበር። እንደ ልጅ ነበር የምጠብቀው።

በስድስተኛው ቀን ጨርሶ አልከፈት ሲል ወደ አቃቂ ወሰድነው። ባጃጅ ውስጥ እሷ ሲፒዩውን፣ እኔ በብርድ ልብስ የጠቀለልኩትን ስክሪን ታቅፈን ተቀመጥን። በየጉድጓዱ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጠጋኙ ከሊል የሚባል ስልጤ ነው፤ ጨዋታ የሚወድ ወጣት። እኔን ማዘር እያለ ወንበር ሰጠኝ። የስክሪኑን ነገር ወዲያው አገኘው። ኬብሉ ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል አለና በሌላ ቀየረው፤ መርገብገቡ ቆመ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቸኩዬ ነበር።

ከዚያ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘና ፊቱ ከበድ አለ። ዲስኩ ተጎድቷል አለ። ፋይል የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው፤ እየሠራ ሳለ በድንገት ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ይጎዳል፤ ይሄኛው ሳይዘጋ የጠፋው አምስት መቶ ስልሳ ሁለት ጊዜ ነው አለ።

«መብራት ነው» አለች አዚዛ። «እኛ ጋ ሄድ መለስ ይላል።»

እኔም የምኖረው ገላን ነው፣ ይህን ያህል አይጠፋም ብሎ ተከራከራት። ኮምፒውተሩ የጠፋበትን ሰዓት ሁሉ መዝግቦ እንደሚይዝ ነገራትና ዝርዝሩን ከፈተ። ጣቱን እያስኬደ አነበበ። ሰባት ሰዓት። አስር ሰዓት። አስራ ሁለት ተኩል። በማግስቱም ሰባት፣ አስር። ከዚያ ሳቀ።

«የእናንተ መብራት ሰጋጅ ነው እንዴ? አዛን ሲል ጠብቆ ነው የሚሄደው!»

አብሮት የሳቀ አልነበረም። አዚዛ ዝርዝሩ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። ሰዓቶቹን እኔ አውቃቸው ነበር።

አምና የሕንጻችን ቆጣሪ ተቃጥሎ ጭሱ እስከ እኛ ፎቅ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬን የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተዋል። አዚዛ ለሰላት ተነስታ መኝታ ቤት ስትገባ እኔ ከዚያ ማሽን ጋር ብቻዬን እቀራለሁ። ያጓራል። ጀርባውን በመዳፌ እነካዋለሁ፤ ይሞቃል። አሁን ቢያያዝስ እላለሁ። ከዚያ ከሶኬቱ እነቅለውና ትንሽ አሳርፌ መልሼ እሰካዋለሁ። ስትመጣ መብራት ሄዶ መጣ እላታለሁ። ሳትነሳ ሥራዋን ማስቀመጥ ልማዷ ስለሆነ የሚጠፋባት ነገር አልነበረም፤ መብራቱን ረግማ እንደገና ትከፍተዋለች። አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። በሃሳቤ ያላቃጠልኩት፣ ያልሰበርኩት፣ ለሌባ ያልሰጠሁት ነገር የለም፤ የራሴን እጅ ግን አንድ ቀን አልጠረጠርኩም።

«መብራት ነው አልኩህ» አለችው አዚዛ ለከሊል፣ በቀስታ። ወደ እኔ አልዞረችም። ባዕድ ሰው ፊት አላዋረደችኝም።

ከሊል ሁለት ቀን ታገለ። ከአራት መቶ ሃያ ተማሪዎች ፎቶ ግማሹ እንኳ አልተረፈም። የተረፈው ብዙው ከግንባር በታች ግራጫ ነው፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ፎቶግራፈሩ ፎቶዎቹን ካስረከበን በኋላ የካሜራውን ካርድ ለሌላ ሥራ አጥፍቶታል። ተማሪዎቹ ፈተና ጨርሰው ተበትነዋል። ወይዘሮ ያለምወርቅ ቢቆጧት ይሻለኝ ነበር። አይዞሽ የኔ ልጅ ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓትና ስለ ቋሚ ሥራው ሳያነሱ ቀሩ።

ቤት ስንገባ አዚዛ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ተቀመጠች። በሩ ላይ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር።

«እንዴት እንደሚዘጋ አሳይቼሽ ነበር እኮ፣ እማ።»

«አንዱን ስነካ ሥራሽን የምሰርዝብሽ መሰለኝ። ሶኬቱ ይሻላል ብዬ ነው።»

ልትስቅ ጀመረችና ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ከፈራሽ ለምን አልጠራሽኝም? እመጣ ነበር።»

«ሰላት ላይ ነበርሽ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አወራሁ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ዘንድ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ አልኩ፤ ቂሊንጦ ፋብሪካ ሥራ እንጠይቅ አልኩ፤ ሪያድ ሄደው ምን እንደሆኑ የሰማሁባቸውን ሴቶች አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። የአሠሪዎቿን ስም፣ የልጆቻቸውን ብዛት ሁሉ ነገረችኝ፤ ለካ ከእኔ ደብቃ ስትጠይቅ ከርማለች። እኔ አንቺን ጥዬ ለመሄድ ሳይሆን እንዳልሄድ ነው ስለፋ የነበረው፣ አሁን ግን ደከመኝ አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ኤጀንሲው ጋ ደወለች።

ሐሙስ ዕለት ኤጀንሲው ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊዋ አንድ ወረቀት ሰጠቻት። አዚዛ ስሟን፣ የትውልድ ቦታዋን፣ የፓስፖርት ቁጥሯን ሞላችና ታች ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋችው።

«ይቺን አንቺ ሙያት።»

አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው፣ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ በሆዴ ስጠይቅ የኖርኩትን፣ ወረቀቱ በአንድ መስመር ጠየቀኝ። ኡምሰልማ ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑ እናት፤ ከዚያ ስልኬን። ቁጥሮቹ ተጣመሙ።

አዚዛ ጎንበስ ብላ አነበበችው። «የመጨረሻው አንድ ነው ሰባት?» አለች።

«ሰባት ነው» አልኳት። ወረቀቱን መልሼ ሳብኩና፣ ማንም እንዳይሳሳትበት፣ ሰባቱን ደግሜ ደጋግሜ አደመቅኩት።