ጉም በታኞቹ

ፊሽካው ተነፋ፤ የነፋው ዳኛ ግን አይታይም። አሰልጣኝ ቬንዴሊን ከተቀያሪዎቹ አግዳሚ ጀርባ ቆሞ አንገቱን እንደ ዝይ አሰገገ። ምንም የለም። ከፊቱ የተዘረጋው የበረዶ ሆኪ ሜዳ ሳይሆን የተደፋ ወተት ይመስል ነበር፤ ወተቱ ላይ ደግሞ የተጫዋቾቹ ቆቦች ብቻ፣ አካል የሌላቸው፣ ወዲያና ወዲህ ይንሳፈፋሉ።

ጸደይ ገብቷል። ውጭ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል፤ ሜዳውን የያዘው አዳራሽ ደግሞ ከቬንዴሊን በዕድሜ ይበልጣል፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ በሩ አይገጥምም። ሙቀት በገባ ቁጥር በረዶው እንደ ሰው ጉም ይተነፍሳል።

"አሰልጣኞች!" አለ የዳኛው ድምፅ ከወተቱ ውስጥ። "ሩብ ሰዓት ሰጥቻለሁ። ጉሙን በትኑት! ካልተበተነ ጨዋታው ነገ ከዜሮ ይጀመራል።"

እንዴት እንደሚበተን ለማንም መንገር አያስፈልግም። የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች ዱላቸውን ይዘው ወጡና ሜዳውን መዞር ጀመሩ። ጉም በእግር ነው የሚባረረው፤ ነፋስ እስኪነሳ ድረስ ነው የሚዞረው። ቅድም በጠላትነት ሲፋጩ የነበሩት ሰዎች እንደ ሰርግ አጃቢ ጎን ለጎን ሆኑ።

የቬንዴሊን ቡድን ሦስት ለሁለት እየተመራ ነው። የቀረው አራት ደቂቃ ነው። የክለቡ ፕሬዚዳንት ክሊመንት ጠዋት ቢሮው ጠርቶት፣ ቁጭ በል እንኳ ሳይለው፣ "ዛሬ ከተሸነፍክ ነገ እዚህ እንዳላይህ" ብሎታል።

ምክትሉ ቦሁሽ ወደ ጆሮው ተጠጋ። ሰላሳ ዓመት ሲያጨስ የኖረ ሰው ነው፤ ሹክሹክታው ሦስተኛ ረድፍ ድረስ ይሰማል።

"ቬንዶ፣ ልጆቹን ቀስ በሉ በላቸው።"

"ምን?"

"ቀስ! እንደ ቀብር አጃቢ! ጉሙ ካልተነሳ ነገ ከዜሮ ነው እኮ። እግዜር ራሱ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎልሃል፤ አንተ ልትገፈው ነው?"

ቬንዴሊን ቀና አለ። ላይ፣ የክለቡ ሹሞች በሚቀመጡበት መስታወት ክፍል ውስጥ፣ ክሊመንት መዳፉን ወደ ታች ደጋግሞ ይጫናል፤ ቀስ፣ ቀስ። ፈገግታም አለው። የጠዋቱ ሰውዬ ጥርስ እንዳለው ቬንዴሊን ገና አሁን አወቀ።

ልጁ ዞራ ከመክሰስ መሸጫው ሻይ ይዛለት መጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ከዚያ ይበልጣል።

"አባ፣ ቋሊማ ቤት ያሉት ሴቶች ትባረራለህ አትባረርም ብለው ተወራርደዋል።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ይባረራል ብዬ አንድ ቋሊማ አስይዣለሁ። እስከ ዛሬ አሳፍረኸኝ አታውቅም።"

ሻዩ ትን አለው። ውሸት አልተናገረችም። በሃያ ሁለት ዓመት ይህ ዘጠነኛ ከተማው ነው። በአንዱ ከተማ በትከሻቸው ተሸክመው አደባባይ አዙረውታል፤ በዓመቱ እነዚያው ትከሻዎች ጀርባቸውን ሰጡት። በአንዱ፣ ቡድኑ ከሜዳ ውጭ ተጫውቶ ሲመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንዳለ በስልክ አሰናብተውት ነዳጅ ማደያ ጋ ወረደ። ዞራ የተወለደችው በአራተኛው፣ የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀው በስድስተኛው ከተማ ነው። እዚህ ደግሞ እናቷ መጋረጃዎቹን እስካሁን ከካርቶን አላወጣችም። ምን አደከማት!

ቦሁሽ ግን ፈቃድ አልጠበቀም፤ የሜዳው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ለሚያልፈው የቡድኑ ልጅ ሁሉ ቀስ በል እያለ ሹክ ብሏል። የቡድኑ አምበል ቲቦር እግሩን እየጎተተ አለፈ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እንግዶቹ ተጋጣሚዎች ብቻ ያለከልካሉ። ጉሙ ወፈረ፤ ቆቦቹንም ዋጠ፤ አጥሩን ዘለለና የቬንዴሊንን ክራባት ነካ።

አሁን የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ከጫማቸው ሥር ያሉት ስለቶች በረዶውን ሲሰነጥቁት፣ አንድ ሰው ሩቅ ቦታ ረጅም ሐር ጨርቅ ያለ ማቋረጥ የሚቀድ ይመስላል። ሽው... ሽው። የሆነ ሰው ሳቀ፤ የማን ቡድን ሳቅ እንደሆነ አይለይም። ቬንዴሊን ዓይኑን ጨፈነ፤ ቢከፍተውም ያው ነጭ ነው። ከተማዎቹ ሁሉ ተቀላቀሉበት፤ የትኛው ውስጥ እንደቆመ ጠፋው። ሃያ ሁለት ዓመት በጨዋታ ቀን የቆመው በቆዳ ጫማ፣ ከእንጨት አግዳሚ ጀርባ ነው። ሰው ሲንሸራተት ሲያይ። ሲጮህ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጮኽበት አጣ፤ ደስም አለው፤ እዚህ ነጭ ውስጥ ማንም አያሸንፍም፤ ማንም አይባረርም። ለዘላለም ቢቆይስ?

"አባ፣ የኛዎቹ ምን ሆነው ነው የሚጎተቱት?" አለች ዞራ ከአጠገቡ፤ እሷም አትታይም።

"እንዳልሸነፍ ብለው።"

 

"አራት ደቂቃ እኮ ነው የቀረው" አለች። "ያን ያህል ያስፈራል?"



"ጉሙን ለመበተን አምስት ደቂቃ ቀራችሁ!" አለ ዳኛው።

ቬንዴሊን አግዳሚው ላይ ተቀመጠና የቆዳ ጫማውን ክር ፈታ። የልምምድ ጫማውን፣ ስለት ያለውን፣ ከአግዳሚው ሥር በእጁ ዳብሶ ሳበ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለ ቦሁሽ።

"እግሬን በረደኝ።"

"ቬንዶ፣ አበድክ? ክሊመንት እያየህ ነው!"

"በዚህ ጉም? በየት ዓይኑ!"

ትንሿን በር ከፈተና በኮትና በክራባት ወጣ። መጀመሪያ አንድ ሁለቴ ተንገዳገደ፤ ከዚያ እግሩ መንሸራተቱን አስታወሰ። የቲቦር ሰፊ ጀርባ ከፊቱ ድንገት ብቅ ሲል በመዳፉ ጠፈጠፈው።

"አንተ ቲቦር! እናትህ ድንች ተሸክማ ካንተ ትፈጥናለች! ና ተከተለኝ!"

"አሰልጣኝ? ቀስ በሉ ተብለን እኮ..."

"ማን አለህ? እኔ ነኝ አሰልጣኝህ!"

ጎንበስ ብሎ ገፋ። ኮቱ ከኋላው ተርገበገበ፤ ጉሙም ከትከሻው ላይ መቀደድ ጀመረ። ከጀርባው አንድ ስለት ሰማ፤ ቀጥሎ ሁለት፤ ቀጥሎ መቁጠሩን ተወው። ወደ መስታወት ክፍሉ ቀና ሳይል ሁለተኛውን ዙር ያዘ።