ብዙኃኑ ኀ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮምፒውተሩ በላቦራቶሪው የመስኮት ጥግ፣ አንድ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን በተደገፈ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ማብሪያው ሲጫን አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች፣ ማራገቢያው ለአራት ሰከንድ ያህል ይሽከረከራል፣ ሦስት ጊዜ ጢጥ ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። ስክሪኑ እንደጠቆረ ይቀራል። የጥገና ሠራተኛው ሰባት ጊዜ ሞከረው፤ ሰባቱም ጊዜ ያው ነው።

የቆጠረችው መርማሪዋ ናት። ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ መግባት አይፈቀድላትም።

ዘጠኝ ዓመት የጉድጓድ ውኃ የመረመረችበት ክፍል ነው። ከአርባ ሦስት ቀን በፊት ቁልፉን ተቀብለው ብርጭቆ ማጠቢያ ክፍል መደቧት። ከላቦራቶሪው በር እስከ ማጠቢያው ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው፤ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ባልደረቦቿ በየበሩ ብቅ እያሉ ሲያዩዋት፣ አንድ በአንድ ቆጥራዋለች።

መዘዙ ዘጠነኛው ጉድጓድ ነው። በአንድ ሊትር ሰማንያ ሰባት ሚሊግራም ናይትሬት አግኝታበታለች፤ ከሃምሳ ካለፈ አይጠጣም። የጉድጓዱ ምርቃት ቀን ግን ተቆርጦ፣ ድንኳኑም ተተክሎ ነበር። ሪፖርቱ ማኅተም አርፎበት ሲወጣ ሠላሳ ሰባት ይላል። በሁለት ወሩ የሰፈሩ ሕፃናት ከንፈራቸው እየጠቆረ ሐኪም ቤት መግባት ሲጀምሩ፣ “መርማሪዋ ተሳስታ ነው” ተባለ። ያለው የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ማኅተሙን ከኮት ኪሱ ስለማይለየው ሠራተኛው ከኋላው “ማኅተሙ” ይለዋል። አንዲት እናት ግቢ ድረስ መጥታ የመርማሪዋ ፊት ላይ ስትተፋ፣ ማኅተሙ ፎቅ ላይ መስኮት ከፍቶ ያይ ነበር። ያን ምራቅ በመሐረብ ጠረገችው እንጂ ከፊቷ አልለቀቀም።

የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው “ማስረጃ አምጪ” አላት። ማስረጃዋ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው መዝገብ ነው፤ ይህንኑ ሐሙስ ዕለት ጽፋ አስገባች። በማግሥቱ ዓርብ ከሰዓት ማኅተሙ ላቦራቶሪውን ከውስጥ ቆልፎ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆየ። ብርጭቆ እያጠበች በሰዓቷ ይዛዋለች። ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ።

“ሬሳ ታክማለህ እንዴ?” አለ ማኅተሙ፣ ኪሱን እየዳበሰ መጥቶ። “አዲስ እንገዛለን። ይኼ ዛሬውኑ ይወገድ።”

የጥገና ሠራተኛው ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ እንደ እርሳስ ስለሚሰካ ስሙም ካቻቪቴ ሆኖ ቀርቷል። “እኔም ብሆን አዲሱ ነው የሚሻለኝ ጌታዬ” አለ። “እንኳን እሱ እኔም ደክሞኛል። ግን ያለ ጥገና ክፍል ወረቀት ንብረት አይወገድም። ከፍቼ ልየውና እፈርማለሁ።”

“ምን ታያለህ? አቧራ ነው።”

“አቧራም ከሆነ አቧራ ብዬ እፈርማለሁ።”

ማኅተሙ ወደ ደጃፉ ዞረ። “አንቺስ፣ ብርጭቆው አለቀ?”

“መቶ አሥራ ስድስት አጥቤያለሁ። አርባ ይቀረኛል ጌታዬ።”

“ጎበዝ። እግረ መንገድሽን ፊደሎችሽንም እጠቢልን።”

ቀልዱ አሮጌ ነው። አባቷ ሠላሳ ዓመት ፊደል ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እሷም “ውኃ”ን በብዙኃኑ ኀ እንጂ በሃሌታው ሀ ጽፋ አታውቅም። ማኅተሙ ረቂቆቿ ላይ ያቺን ፊደል በቀይ እስክሪብቶ እየከበበ “እመቤት ብዙኃን ዛሬም አሉ” ይላት ነበር። ጸሐፊውም በእሱ ትእዛዝ ሪፖርቱን ሁሉ “ውሃ” እያለ ይተይባል።

እራት ላይ አባቷ ጠየቋት። “ዛሬስ ስንት?”

“መቶ ሃምሳ ስድስት፣ አባዬ።”

“ስታጥቢ ምን ትያለሽ?”

“የእሱን ስም።”

“አይሰበርብሽም?”

“እስካሁን ሁለት።”

ሽማግሌው ሳቁ። ተይው፣ ለፈጣሪ ስጪው አላሏትም። “ስትይዥው ድምፅሽን ከፍ እንዳታደርጊ” አሏት ብቻ። “መሰማት ያለበት እሱ ነው።”

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ወደ ጥገና ክፍሉ ወረደች፤ እዚያ እንዳትገባ የከለከላት የለም። ካቻቪቴ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ አቧራውን በቀለም ብሩሽ አራግፎታል።

“ሦስቴ ጢጥ ማለቱ ራሜን፣ የማስታወሻ ሰሌዳዬን አጣሁት ማለቱ ነው” አለና አንዲት ጣት የምታክል ስስ ሰሌዳ ነቅሎ አሳያት። ጠርዟ ላይ የተደረደሩት የመዳብ ጥርሶች ጠቁረዋል። ከኪሱ የተማሪ ላጲስ አውጥቶ ጥርሶቹ እስኪያብለጨልጩ ፈተጋቸው።

“ይኼው ነው መድኃኒቱ?”

“ይኼው ነው እህት ዓለም። አዲስ ለመግዛት ሰባት ፊርማ፣ ይኼን ለማዳን ግማሽ ላጲስ።”

መልሶ ሰካውና ማብሪያውን ተጫነ። አንድ ጊዜ ብቻ ጢጥ አለ። እስኪነሳ ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ፈጀ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን አልነቀሉም።

የእሷን መዝገብና የጸሐፊውን ሪፖርት ጎን ለጎን ማየት ፈልጋለች። ኮምፒውተሩን አምስት ሰው ስለሚጠቀምበት ፋይሉ ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ ያለ መፈለጊያው አይገኝም። ጸሐፊው በሚጽፍበት ፊደል “ውሃ” ብላ ተየበች። ውጤቱ ዜሮ ነው። ደግማ ተየበች፤ ዜሮ።

“ጠርጎታል” አለ ካቻቪቴ በቀስታ። “ውሃ የሚል ፈልጎ፣ ሁሉንም መርጦ አጥፍቶታል።”

ዘጠኝ ዓመት። ከዚያ ማኅተሙ ቃሉን ሲተይብ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፤ እሱ በሚያውቀው ፊደል፣ በአንዱ ብቻ። አንዷን ፊደል አጥፍታ በብዙኃኑ ለወጠችው።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል ወረደ። ዘጠነኛው ጉድጓድ ከላይ አምስተኛው ላይ ነው።

“ላትምልሽ?” አለ ካቻቪቴ፣ በደስታ ተነሥቶ።

“አይሆንም። ቅጂ አስቀምጥልኝና ዝጋው። ወረቀትህ ላይ ‘ተጠግኗል፣ ይሠራል’ ብቻ በል።”

“ምን ልታደርጊ ነው?”

“እሱ ራሱ ያገኘዋል።”

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኮምፒውተሩ የስብሰባ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ ተነሥቶ ይጠብቃል። ማኅተሙ ሲያየው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ፣ ጠና ያሉ የሕግ ባለሙያ፣ መነጽራቸውን አደረጉ።

“መዝገቡ እዚህ አለ ብለሻል። አውጪዋ።”

“እኔ ብነካው ‘እሷ አስገብታው ነው’ ይባላል” አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ኃላፊው ራሳቸው ይፈልጉልኝ።”

ማኅተሙ ፈገግ አለ። “ውሃ” ብሎ ተየበና ስክሪኑን ወደ ኮሚቴው አዞረው። “ዜሮ። እንዳልኳችሁ ነው፤ ሴትዮዋ የጻፈችው ነገር የለም።”

ሰብሳቢዋ ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት። “የውኃ ላቦራቶሪ ኮምፒውተር ነው ይኼ?”

“አዎ።”

“ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውኃ የሚል አንድ ፋይል እንኳ የለውም?”

ማኅተሙ ኪሱን ዳበሰ። “አርጅቷል እኮ። እሱ ነው ያጠፋው።”

“አንዲት ፊደል ይለውጡልኝ ጌታዬ” አለች መርማሪዋ። “እርስዎ በቀይ የሚከቧትን።”

ጣቱ አልተንቀሳቀሰም። ሰብሳቢዋ “ለውጥ” አሉት። ፊደሏን ለማግኘት ኪቦርዱ ላይ ሦስቴ ተሳሳተ፤ ተይቧት አያውቅም። ሲያገኛት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል ወረደ።

“አምስተኛው” አለች። “ያንብቡልን።”

“ዘጠነኛ ጉድጓድ . . . ናይትሬት . . .” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሰማንያ ሰባት።”

“አልተሰማኝም” አለች መርማሪዋ።

“ሰማንያ ሰባት።”

“የተመዘገበበትን ቀንም ጌታዬ።”

ቀኑን አነበበ። ሰብሳቢዋ በማኅተም የወጣውን ሪፖርት ገልጠው ሁለቱን አስተያዩ፤ መዝገቡ በአራት ቀን ይቀድማል። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ማኅተሙን እንዲያስረክብ ጠየቁት። ከኪሱ ለማውጣት ጊዜ ወሰደበት፤ ሽፋኑ ከገበሩ ክር ጋር ተያይዞ ነበር። መርማሪዋ ዓይኗን አልመለሰችም።

ያቺ እናት ሐኪም ቤት ያስገባቻት ልጅ ድና እንደሆነ መርማሪዋ ኋላ ጠየቀች፤ ድናለች። ጉድጓዱ ተዘጋ። አዲስ ናሙና መጥቶ ራሷ ሦስት ጊዜ ለካችው፤ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ሰባት፣ ሰማንያ ሰባት። ኮምፒውተሩ አልተወገደም፤ ካርቶኑ ብቻ በእንጨት ተተካ።

በሳምንቱ ዓርብ ማኅተሙ ዕቃውን በካርቶን ታቅፎ ሲወጣ፣ መርማሪዋ የፎቁን መስኮት ከፍታ ቆመች፤ እሱ ቆሞበት የነበረውን። ከቢሮው ደረጃ እስከ ግቢው በር መቶ አርባ ሦስት እርምጃ ነው። ሁለት ጊዜ ካርቶኑን መሬት አሳረፈ።