የግሸን ስንቅ

ንፍሮው አራጋው ዘንድ ሲደርስ እጁን ሳይዘረጋ፣ ሳህኑን በክርኑ ገፋ አድርጎ ለጎረቤቱ አሳለፈው። ከቀብር መልስ ይህን ሲያደርግ ሦስተኛው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየቆጠረለት መሆኑን ያውቃል። ይቁጠር።

«አንድ ፍሬ ባቄላ ምን አደረገችህ?» አለ የእድሩ ዳኛ ፈንታው፣ ሳህኑን ተቀብሎ። «ከወንድምህ ተጣላህ እንጂ ከባቄላ አልተጣላህ።»

«ጠግቤ ነው የመጣሁ።»

«አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ጠግበህ ነው እዚህ ቤት የምትመጣው። እኛ ቤት ስትመጣ ግን ድስቱን ነው የምትጠርገው፤ ኧረ በአላህ።»

ሁለት ሦስት ሰዎች በጋቢያቸው ተሸፍነው ሳቁ፤ ወዲያው የማን ለቅሶ ላይ እንደተቀመጡ ትዝ ሲላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ፈንታው ያለው እውነት ነው። አራጋው ከታላቅ ወንድሙ ከክንፈ ቤት እህል ቀምሶ አያውቅም። በዓመት በዓል ይመጣል፣ ደጃፉ ላይ እንኳን አደረሳችሁ ይላል፣ ይሄዳል። በክንፈ ልጅ ክርስትና ቀን አገሩ ሁሉ ሲበላ እሱ አጥር ተደግፎ ቆሞ ውሏል። ቄሱ አስታርቀዋል፣ ሽማግሌ ገብቷል፤ እጅ ይጨባበጣል፣ አይበላም። አሁን ደግሞ ክንፈ ሞተ። ሰው የፈራው ይህንኑ ነው፤ ሰልስቱ ሳይቀመስ ካለፈ ቂሙ ከሬሳው ጋር ተቀበረ ማለት ነው።

አልታዬ፣ የክንፈ ሚስት፣ ጸጉሯን ተላጭታ ከጓዳ ወጣችና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አምስት ቀን ነው የቀረው፣ አራጋው። የግሸን መንገደኞች መስከረም አሥራ ሦስት ይነሣሉ። ጃንጥላውን ማን ይያዝላቸው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«መናገር ሊያቅተው ሲል በመጨረሻ ያላት ቃል እሷው ናት። ‹አራጋው ይያዘው› ነው ያለው። ስንቁንም ሳይታመም አስቆልቶ፣ አስፈጭቶ፣ ያው ምሰሶው ላይ ሰቅሎታል።»

አራጋው ቀና ብሎ በተከፈተው በር ወደ ቤቱ ውስጥ አየ። አሮጌው የፍየል ስልቻ በበሶ ተነፍቶ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። ያውቀዋል ስልቻውን።

«የኔ እግር ለማርያም ተራራ አይሆንም» አለ። «ይህን ያልኩ እኔ አይደለሁም። እሱ ነው ያለው።»

ያኔ አራጋው አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በንዳድ ሲማቅቅ ከርሞ፣ እናቱ «ልጄን ካተረፍሽልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ ለግሸን ማርያም ተሳለች። ተረፈ። እሷ ደግሞ በተራዋ ደከመች። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ጃንጥላውን ለክንፈ አስያዘችው፤ አራጋውንም በእግርህ ሄደህ አመስግን ብላ አብራ ሸኘችው። ለሁለቱም አንድ ስልቻ በሶ ነበር የሰጠቻቸው።

መንገዱ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ለጋምቦ ደጋ ይወጣል። ከዚያ በተንታ አድርጎ በሽሎን ተሻግሮ ግሸን እስኪደርሱ አምስት ስድስት ቀን ይፈጃል። ዛሬ ሰዉ በደሴ በኩል በመኪና ይሄዳል፤ ክንፈ ግን እስከ አምና ድረስ «መኪና ለቸኮለ ሰው ነው» እያለ በየዓመቱ የመንገደኞቹን ጃንጥላ ይዞ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ በእግሩ ነበር የሚወጣው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ደጋው ጫፍ ላይ አደሩ። ጧት ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው አልብሶት ሳለ፣ የሰፈራቸው ሰው አህመዲን ዳማ በቅሎውን እየነዳ ደረሰ። ወደ ወረኢሉ ገበያ ልሻገር ብዬ ነው፣ ውሃ ስጡኝ አለ። ጠጣ። ከክንፈ ጋር ቋጥኙ ጀርባ ሄደው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ክንፈ መጣና፣ ሰዉ ሁሉ፣ ሴቶቹም ሳይቀሩ በተሰበሰቡበት፦

«አንተ ተመለስ» አለው። «ይህ እግር ለማርያም ተራራ አይሆንም። ሸክም ነው የምትሆንብን።»

አራጋው አልደከመውም ነበር። አፉን ከፈተ። ክንፈ ግን ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ነበር። ስልቻውን ኮርቻው ላይ ወረወረለት። አህመዲንም ልጁን አንሥቶ በቅሎው ላይ አስቀመጠውና፣ እሱ በእግሩ፣ ልጓሙን ይዞ ቁልቁል ወሰደው። ከኋላ አንዷ ስትስቅ ሰምቷል። እግሩ አይሆንም የተባለ ጎረምሳ በሰው በቅሎ ሲመለስ ምን ይባላል? ሳቅ ነው እንጂ።

ቤት ሲደርስ እናቱ ተከፍና ጠበቀችው። አፈሩን ብቻውን አለበሰ።

የዚያን ቀን ማታ ስልቻውን ፈትቶ በሶውን ለዶሮ በተነው። እኔ የነካሁትን ስንቅ ተጸይፎ ነው የጣለልኝ አለ በሆዱ። ያችን ቃል ይዞ አርባ አንድ ዓመት ኖረ።

ከክንፈ ቀብር በማግስቱ፣ ከቀትር በኋላ የአልታዬ ስልክ ጮኸ።

ሀይማኖት ናት፤ የክንፈ አንድ ልጅ፣ ጅዳ ሰው ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ። አልተረዳችም። በሰው አገር፣ ብቻዋን ባለችበት መርዶ አይነገርም፤ እዚያ ያሉት ያገር ልጆች ተሰብስበው እስኪሄዱላት ይደበቅ ተብሏል። ስታለቅስ የነበረችው ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አልታዬ ስልኩን እንደ ፍም ከእጅ እጅ ስታገላብጥ ቆይታ አራጋው ጭን ላይ ጣለችው።

«ሄሎ፣ እማዬ?»

«እኔ ነኝ፤ አጎትሽ።»

«ጋሼ አራጋው? እኛ ቤት ምን እግር ጣለዎት?»

«አህያ ጠፍታብኝ እየፈለግሁ።»

ሳቀች። የክንፈ ሳቅ ነው። «አባባስ? ስልኩ አይሠራም።»

አራጋው ወደ ሰዉ አየ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

«ተነሥቷል» አለ። «ዘንድሮ ለግሸን ቀደም ብሎ ነው የተነሣ። አሁን ደጋው ላይ ነው፤ ኔትወርክ የለም።»

«ሳይደውልልኝ? ደህና ነው ግን? ስንቁን ይዟል?»

ስልቻው ከነሙሉነቱ ምሰሶው ላይ አለ።

«ይዟል።»

«ጋሼ፣ ድምፅዎ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? አንቺ ሥራ የለሽም እንዴ? እዚያ ድረስ ሄደሽ ወሬ ልትለቅሚ ነው? በይ ዝጊው።»

ራሱ ዘጋው። ስልኩን ለአልታዬ መለሰላት።

«ልጄን ምነው ተቆጣሃት?» አለች አልታዬ።

«ካልተቆጣኋት ትጠይቀኛለቻ» አለ አራጋው።

በሰልስቱ ጧት ጸሎቱ አልቆ ሰው መበታተን ሲጀምር አህመዲን ደረሰ። ወረኢሉ ልጁ ፈይዛ ዘንድ ከገባ ሰንብቷል። ዓይኑ ደክሟል፤ ከአውቶቡስ ያወረደው ሰው ክንዱን ይዞ አራጋው አጠገብ አስቀመጠው።

«አላህ ያጥናችሁ። ሶብር ይስጥህ፣ አራጋው።»

«ጋሽ አህመዲን፣ በዚህ ዕድሜዎ እንዲህ ይንገላታሉ?»

«ያ ዳማ በቅሎዬ ቢኖር በሱ እመጣ ነበር። ታስታውሰዋለህ?»

«የተዋረድሁበትን በቅሎ እንዴት እረሳለሁ።»

ሽማግሌው የዱላውን እጀታ ሲዳስስ ቆየ። «የመጣሁት እሱን ልነግርህ ነው። ክንፈ ‹እስክሞት አትንገረው› ብሎ አስምሎኝ ነበር። ይኸው ሞተ። ያን ጧት ገበያ አልነበረም የምሄድ። ሌሊቱን ሙሉ ስገሰግስ አድሬ ነው የደረስሁባችሁ። ቋጥኙ ጀርባ ወስጄ ነገርሁት። እናታችሁ ማታውን አርፋ ነበር።»

አራጋው ወደ ሽማግሌው ዞረ። ከዚያ «እርስዎ ‹ለክንፈ አልነገርሁትም፣ ስለት የያዘ ሰው መንገድ ላይ አይረዳም› ብለው ላገር ሁሉ አውርተዋል» አለ።

«ዋሽቻለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ። በል ያለኝ እሱ ነው። ‹ልጁን ይዘህ ተመለስ፤ ቀብሯ ላይ አንዳችን እንኑር› አለኝ። ‹አንተስ?› ብለው፣ ‹ስለቱ የአራጋው ነፍስ ነው። መንገድ ላይ ከጣልሁት እሱም እንደሷ ይሄድብኛል› አለኝ። ልጁን ምን ብለን እንመልሰው አልሁት። መርዶ ተሸክሞ ያን ሁሉ ቁልቁለት እንዴት ይወርዳል? ‹ለኔ ተወው› አለ። ‹ካልሰደብሁት ምን ሆንህ ብሎ ይጠይቀኛል። ከጠየቀኝ አልችልም።›»

«ከተመለሰ በኋላስ?» አለ አራጋው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አፍ አልነበረውም?»

«ስንቴ ብዬዋለሁ። ‹እናቴ መሞቷን እያወቅሁ ቀብሯን ትቼ ሄድሁ ልበለው? ሰደበኝ ይበል፤ እሱ ይቀለኛል› ይለኛል።»

«ስንቁስ?»

«አንድ ስንቅ አልነበረ ያላችሁ? ያንኑ ላንተ ሰጠሃ። ግሸን እስኪደርስ የሰው እጅ እያየ ነው የሄደው፤ አብረውት የነበሩት ኋላ ነገሩኝ።»

ውጭ የድንኳኑ ገመድ ይፈታል። አንዱ ካስማ ሲነቀል ሸራው በአንድ በኩል ረገብ አለ። አራጋው ተነሣ። ወደ ቤት ገባና ስልቻውን ከምሰሶው አውርዶ ይዞት ወጣ፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ አፉን ፈታ።

«እቴ አልታዬ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ውሃ ስጪኝ።»

አልታዬ ለአፍታ ቆማ ቀረች። ከዚያ በጣሳ ውሃ፣ በመዳፏም ትንሽ ጨው ይዛለት መጣች። አራጋው በሶውን ዘግኖ፣ ውሃ ጠብ እያደረገ አሸው፤ እጁ ውስጥ ጠንከር ያለ ጭብጦ ሆነ።

«አሥራ ሦስት ነው ያላችሁ የሚነሡት?»

«አሥራ ሦስት» አለ ፈንታው። «ጎህ ሲቀድ።»

ጭብጦውን እኩል ለሁለት ገመሰው። ግማሹን ቀስ እያለ፣ እያላመጠ በላው፤ እስኪውጠው ጠበቁት። ሌላውን ግማሽ መልሶ ስልቻው ውስጥ ከተተና አፉን አሰረው።