ሦስት ሳምንት የፈጀው ቃል

«እስቲ ዝም በሉ፣ ያንብብልን!» አሉ የሟቹ እናት።

ቀብሩ ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሟቹ መምህር ዕድሜውን የፈጀበትን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አታሚው ለመጨረሻ እርማት ይዞ መጥቶ ከለቀስተኛው መሃል ተቀምጧል። መግቢያውን ገለጠና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«‹ሣጥን ማለት የሆነው ኮፈር የተባለው ቃል መነሻው ቅርጫት መሆኑን ደረስኩበት። ግትሯን እህቴን ለማሳመን ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።›»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከቀብሩ ወዲህ እህል ያልቀመሱት እናት እንኳ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እህትየው ብቻ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበራ!

ቅርጫቱን ያገኘችው እሷ ናት፤ በምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት፣ ከምሳ ሰዓቷ እየሰረቀች አሮጌ መጻሕፍት ስታገላብጥ። ቃሉ የግሪክ ቅርጫት ሆኖ ተነሥቶ፣ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ አገር ሲደርስ የጌጥና የሰነድ ሣጥን ሆነ፤ ኋላም የመንግሥት ካዝና መጠሪያ። እንግሊዞች የሬሳ ሣጥን የሚሉበትም ቃል የዚያው ቅርጫት ልጅ ነው። ይህን ሁሉ በካርድ ጽፋ ስታመጣለት ወንድሟ ሳቀባት።

«ቅርጫትና ሣጥን ምን አገናኛቸው? አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ ራስሽን አዞረው!»

ሦስት ሳምንት ተሟገተችው። በመጨረሻ እጁን ሲሰጥ ግንባሯን ሳመና፣ «ይኼስ ያንቺ ነው። መግቢያው ላይ እጽፈዋለሁ» አላት።

አመነችው። ዐሥራ አንድ ዓመት ለመዝገበ ቃላቱ ካርድ ስትጽፍለት ስሟ እንዲጠቀስላት ሽታ አልነበረም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን በልቧ ስትጠብቅ ኖራለች። አሁን የት ሄዳ ትሟገተው? በሞተ ሰው መናደዷ ደግሞ አሳፈራት።

አታሚው ጠጋ ብሎ ሹክ አላት። «ካርዱን ያመጣሽ ዕለት እኔም ነበርኩ፤ እውነቱን ዐውቃለሁ። ነገ ማተሚያ ይገባል። የሚታረም ካለ ዛሬ ነው።»

የዘረጋላትን እርሳስ ተቀበለችው።

«ምን ትንሾካሾካላችሁ?» አሉ እናትየው። «ነይ፣ አንቺ ድገሚልኝ። ስሰማው እሱ ራሱ የገባ መሰለኝ።»

እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰክታ አነበበችው፤ አንድም ቃል ሳትቀይር። «እህቴን» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ እናቷን አየቻቸው።

«አንቺም እኮ ግትር ነበርሽ!» አሉ እናትየው እየሳቁ።

«አዎ እማዬ፣ አስቸግሬው ነበር» አለችና በእጅጌዋ ጫፍ የእናቷን እንባ ጠረገች።